ልጄ መኮንን ልትሆን እኔ የተቀመጥኩት ፈተና

ሰው ሲናደድ ሳህን ይሰብራል፣ በር ያጋጫል፣ ቢበዛ ዘመድ ቤት ሄዶ ሁለት ቀን ያኮርፋል። እኔ ስናደድ ትምህርት ቤት ከፈትኩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቶሮንቶ በገባን በሁለተኛው ዓመት፣ ልጃችን ማህሌት አሥራ አንድ ዓመቷ ሳለ፣ ትምህርት ቤቷ «እንግሊዝኛዋ እስኪጠነክር» ብሎ አንድ ክፍል ወደ ታች አወረዳት። እኔ ደግሞ አገር ቤት ዘጠኝ ዓመት ጂኦግራፊ ያስተማርኩ ሰው ነኝ። ያኔ ዳቦ ፋብሪካ የከሰዓት ሺፍት እሠራ ነበር፤ መምህር መሆኔን በዚህ ሁሉ ከተማ የሚያውቁት እኔና ባለቤቴ ጽጌ ብቻ ነን፤ ጽጌም አንዳንዴ ትረሳዋለች። እናም ከረባቴን አስሬ ምክትል ርዕሰ መምህሯ ቢሮ ገባሁ። ተከራከርኩ። ሴትዮዋ ፈገግ እያለች «ይገባኛል» ትላለች እንጂ ልጅቷን ወደ ክፍሏ አትመልስም። በመጨረሻ ተነሥቼ ቆምኩና፣

«እንግዲያውስ ልጄን እኔው ቤቴ አስተምራታለሁ!» ብዬ ጠረጴዛውን በመጠኑ መታሁት።

ይህ አነጋገር በእኛ አገር የታወቀ መልስ አለው። «ኧረ መምህር! ምን በወጣን፣ ይቀመጡ እንጂ» ይባላል። ጸሐፊዋ ትማልዳለች፣ ዘበኛው ይማልዳል፣ አንተም እየተግደረደርክ ትቀመጣለህ። ሴትዮዋ ግን ፊቷ በራ። «እንዴት ያለ ጥሩ ሐሳብ ነው!» ብላ ከመሳቢያዋ ቅጽ አወጣች፤ እስክሪብቶም ጨመረችልኝ። የሚገላግለኝ ሰው ፍለጋ ወደ በሩ ዞር አልኩ። ማንም የለም። ፈረምኩ።

«ልታስተካክልላት ሄደህ ይዘሃት መጣህ?» አለች ጽጌ።

ትምህርት ቤታችን ፍሌሚንግደን ፓርክ በሚባለው ሰፈራችን፣ አሥራ አራተኛ ፎቅ፣ የምግብ ጠረጴዛችን ላይ ተከፈተ። ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ የድስት ክዳን በማንኪያ እመታለሁ፤ ያ ደወል ነው። ከሥራችን ያሉት ጎረቤት ጣሪያቸውን በመጥረጊያ እንጨት ይመታሉ፤ ያ የገደል ማሚቶው ነው። ከዚያ ስም እጠራለሁ።

«ማህሌት!»

«አቤት፣ መምህር።»

መዝገቡ ላይ ምልክት አድርጌ ወደ ትምህርት እንገባለን። ጂኦግራፊ ላይ አንደኛ ነበርን። ሒሳብም ደህና። እንግሊዝኛውን ከቤተ መጻሕፍት እየተዋስን ተወጣነው። ኬሚስትሪ ግን ፈተናዬ ነበር። ወደ ሥራ ስሄድ አውቶቡስ ውስጥ አጠናለሁ፣ ጠዋት አስተምራለሁ፣ ከሰዓት ዳቦ እያሸግኩ ሳስበው ያስተማርኩት ስህተት መሆኑ ትዝ ይለኛል። ያን ጊዜ የዳቦው መዓዛ እንኳ ያሸማቅቀኛል።

አንድ ዓመት ብቻ ብዬ የጀመርኩት ስድስት ዓመት ሆነ። በየዓመቱ ልመልሳት አስባለሁ፤ በየዓመቱ ማህሌት «እዚህ ይሻለኛል» ትላለች። ሙገሳ ነበር መሰለኝ፤ ወይም ትምህርት ቤቱ ፍሪጅ አጠገብ ስለሆነ ነው።

አሥራ ሰባት ዓመት በሞላት በመስከረም፣ እራት ላይ ቁጭ ብለን፣

«የመኮንኖች ኮሌጅ አፕላይ ላደርግ ነው» አለች።

እኔ ጉርሻዬን ያዝኩ። ጽጌ ማንኪያዋን አስቀመጠች።

«ኢንጂነር መሆን ነው የምፈልገው። እነሱ ድልድይ የሚሠሩት ወንዙ ውስጥ ቆመው ነው፤ ጎርፍ በመጣ ጊዜ፣ መንገድ በተቆረጠ ጊዜ። ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ፎቶውን አየሁት።»

«ወታደር?» አለች ጽጌ።

«መኮንን፣ እማዬ።»

«ወንድሜን ታምራትን ከክፍል ውስጥ ነው አውጥተው የወሰዱት። ደብተሩን ጎረቤት ነው ያመጣልን። ልጄን ደግሞ እኔ በእጄ ላስረክብ?»

ተነሥታ መኝታ ቤት ገባች። እኔ በሁሉ ነገር የምቀልድ ሰው ነኝ፤ በዚህ ግን አልቀልድም። ታምራት ጦር ሜዳ ሄዶ አልተመለሰም። ማህሌት እናቷ የተወችውን ሳህን አንሥታ እያጠበች አለቀሰች። እኔም መሀል ላይ የቆመ ምሰሶ ሆኜ ቀረሁ፤ «እስቲ መጠየቅ ምን ችግር አለው» የሚለውን የሰነፍ ሽማግሌ ንግግር ብቻ ተናገርኩ።

ልንጠይቅ ሄድን። መሀል ከተማ ባለው የምልመላ ቢሮ የተቀበለችን አንዲት ሻምበል ነበረች፤ አጭር፣ ቀጥ ያለች፣ ወረቀት ስትገልጥ እንኳ በወታደር ደንብ የምትገልጥ። የማህሌትን ማመልከቻ አየችና «የትምህርት ቤቱ ስም የሚለው ባዶ ነው» አለች።

«ቤት ነው የተማርኩት» አለች ማህሌት።

«ማን አስተማረሽ?»

ማህሌት ወደ እኔ ጠቆመች። ሻምበሏ ከጫማዬ እስከ ከረባቴ ቃኘችኝ። ከዚያ በትዕግሥት አስረዳችን። ቤት የተማረ ልጅ በሩ አይዘጋበትም፤ ግን ምን እንደተማረ፣ በምን መጽሐፍ፣ ማን እንዳረመው ይታያል። ሁሉም አመልካች የሚቀመጠውን ፈተና ይቀመጣል፤ የሰውነት ብቃቱ ይፈተናል። ዘመድ ያልሆኑ ሰዎች ደብዳቤ ይጽፉለታል። «ከሁሉ በላይ» አለች፣ «ከሌላ ሰው ጋር መሥራት ያውቃል ወይ የሚለውን እናያለን። ሠራዊት ውስጥ የምግብ ጠረጴዛው ረጅም ነው።»

በሚቀጥለው ሳምንት ትራንስክሪፕት አዘጋጀሁ። የቤተ ክርስቲያናችንን የጽሕፈት መኪና ተውሼ፣ የስድስት ዓመት ማርኳን በሁለት ጣት ገጭ ገጭ አድርጌ ጻፍኩ። ታዲያ እኔ የተማርኩት መቶ ለእግዚአብሔር፣ ዘጠና ለመምህሩ፣ ተማሪ ከሰማንያ ካለፈ ኮርጇል በሚባልበት ዘመን ነው። ማህሌትን የመዘንኩትም በዚያው ሚዛን ነው። ጂኦግራፊ 79፤ ለዚያውም ከቸርነቴ ብዛት። ሒሳብ 74። ኬሚስትሪ 72። ስፖርት 58። አማካይ 71። ኮራሁ! በእኔ ጊዜ 71 ያመጣ ልጅ ሰፈሩ በእልልታ ነው የሚቀበለው።

ወረቀቱ ግን የሆነ ነገር ጎደለው። ማህተም! ማህተም የሌለው ወረቀት ወሬ ነው እንጂ ማስረጃ አይደለም። ማህተም የሚቀርጽ ሱቅ ፈልጌ ሄድኩ። ሰውዬው ዙሪያውን የፈለግሁትን ይጽፍልኛል፤ መሀሉ ላይ የሚገባው ሥዕል ግን ተዘጋጅቶ ካለው ነው የሚመረጠው። ያለው ደግሞ ሦስት ነው፤ ጽጌረዳ፣ የሕፃን ጋሪና ድብ። ለመኮንኖች ኮሌጅ የሚሄድ ወረቀት ላይ የሕፃን ጋሪ አይደረግም። ድቡን ወሰድኩ።

ሻምበሏ ትራንስክሪፕቱን ስታይ መጀመሪያ ዓይኗ ያረፈው ማህተሙ ላይ ነው።

«ድቡ የትምህርት ቤቱ ዓርማ ነው?»

«አዎን» አልኩ። ማህሌት መሬት መሬቱን አየች።

«ጌታዬ፣ ወላጆች ለልጆቻቸው የሰጡትን ማርክ ብዙ አይቻለሁ። ሁሉም ወደ መቶ ነው። ለልጁ በስፖርት 58 የሰጠ አባት ሳይ የመጀመሪያዬ ነው። ምን አጥፍታ ነው?»

«እሷ ምንም አላጠፋችም። አስተማሪው ሮጦ አያውቅም።»

የሳቀች መሰለኝ፤ ግን ወዲያው ቀጥ አለች። «ችግሩ ይህ ነው፤ በ71 አማካይ እኛ አናስገባም።»

በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ደንግጬ አላውቅም። የልጄን መንገድ የዘጋሁት በራሴ እጅ፣ በራሴ ድብ አትሜ! ትራንስክሪፕቱን ወደ ራሴ ስቤ፣

«ወደ 85 ላሻሽለው?» አልኩ።

«አባዬ!» አለች ማህሌት።

ሻምበሏ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «ይህን አልሰማሁም» አለች። ከዚያ መላውን ነገረችን። ማህሌት ሒሳብና ኬሚስትሪ ውጭ፣ ሌላ መምህር ዘንድ ወስዳ ውጤቱን ታምጣ። ደብዳቤዎቹም ይላኩ። እኔ ደግሞ ያስተማርኩባቸውን ደብተሮች ላሳይ።

ደብዳቤው ቀላል መስሎን ነበር። ሦስተኛ ፎቅ ጋሽ ወርቁ ይኖራሉ፤ በንጉሡ ጊዜ የክብር ዘበኛ ማርሽ ባንድ ጡሩምባ ነፊ የነበሩ ሽማግሌ ናቸው። ሐኪም ቤት የምታደርሳቸውና የምታስተረጉምላቸው ማህሌት ነች። እሳቸው ጻፉ። ቄሳችንም ጻፉ። ፖስታ ቤት አስገብተን ተገላገልን ብለን ተቀመጥን።

በዚህ መሀል ስፖርቱን ላሻሽል ተነሣሁ። ፈተናው ላይ ፑሽ አፕ አለ ስለተባለ፣ መምህር ሳያሳይ አያስተምርም ብዬ ሳሎኑ ምንጣፍ ላይ ተኛሁ። አንዱን ወጣሁት። ሁለተኛውን ጀመርኩት። መጀመሬን እንጂ መጨረሴን አላስታውስም። ማህሌት አጠገቤ አሥራ ስምንተኛዋን ስትቆጥር እኔ ምንጣፉን አቅፌ አቧራው ከየት እንደመጣ አጠናለሁ። ስልኩ ጮኸ። ማህሌት ጆሮዬ ላይ አደረገችልኝ። ሻምበሏ ናት ኮል ያደረገችው።

«ጌታዬ፣ ደህና ነዎት? ትንፋሽዎ…»

«እያ… ስተማርኩ ነው» አልኩ።

«አንድ ጥያቄ ነበረኝ። ዘመድ ያልሆነ ሰው ይጻፍ ብዬ ነበር። አንደኛው ደብዳቤ ‹እኔ አጎቷ› ብሎ ይጀምራል። ሁለተኛው ‹እኔ የነፍስ አባቷ› ይላል። አመልካቿ በጠቅላላው ስንት አባትና አጎት ነው ያላት?»

እንዴት ይመለሳል? የእኛ ሰው ልጅ የሚያሳድገው ዘመድ እየሆነ ነው፤ «ዘመድ ያልሆነ» ብሎ የሚጽፍልህ ሰው ጠላትህ ነው። ጋሽ ወርቁን ሄጄ ነገርኳቸው። ተቆጡ። «እኔ እኮ ጠቅሟት መስሎኝ ነው! ባዳ መሆኔ ከተፈለገ ራሴ ሄጄ እነግራታለሁ!»

እናም በቀጠሯችን ዕለት ሦስት ሆነን ወጣን። እኔ የስድስት ዓመት ደብተር በገበያ ጋሪ ጭኜ፣ ማህሌት ጋሪውን ከኋላ እየደገፈች፣ ጋሽ ወርቁ በከዘራቸው መንገድ እያስለቀቁ። ሊፍቱ እንደ ልማዱ ተበላሽቷል፤ አሥራ አራት ፎቅ በደረጃ አወረድነው። አውቶቡስ ላይ ስንሳፈር የጋሪው አንድ ጎማ ወልቆ ተንከባለለና ሹፌሩ እግር ሥር ሄዶ ቆመ። ሹፌሩ አንሥቶ ሲሰጠኝ «ምንድን ነው እንዲህ የሚከብደው?» አለኝ። «ትምህርት ቤት» አልኩት።

ጋሽ ወርቁ ሻምበሏ ፊት ሲደርሱ ከዘራቸውን ለእኔ ሰጥተው ቀጥ ብለው ቆሙና ሰላምታ ሰጡ። እሷም ሳታስበው ተነሥታ መለሰች። ከዚያ እሳቸው በአማርኛ፣ ማህሌት እየተረጎመች፣

«ልጄ፣ እኔ ይህችን ልጅ አልዛመዳትም። ምኗም አይደለሁም» አሉ። ድምፃቸው ተሰበረ። «ምኗም… አይደለሁም» ብለው ሲደግሙት እንባቸው መጣ። ሰው ልጄ ያላትን ልጅ በሰው ፊት ምኔም አይደለችም ማለት እንዲህ እንደሚከብድ አላወቅሁም ነበር። ማህሌትም ትርጉሙን መጨረስ አቃታት፤ የጨረስኩት እኔ ነኝ።

«ታዲያ በየወሩ ሐኪም ቤት የምትወስድዎት ለምንድን ነው?» አለች ሻምበሏ።

«እሱንማ እሷን ጠይቂያት። እኔ ለምኛት አላውቅም።»

ሻምበሏ አጎንብሳ ረጅም ነገር ጻፈች። ከዚያ ከጋሪው አንድ ደብተር አንሥታ ገለጠች። «ይህ ቀዩ ጽሑፍ ምን ይላል?» አለች።

ማህሌት አነበበችላት፤ «መልስሽ ልክ ነው፤ አካሄድሽ ግን የፍየል ነው።»

ሌላ ገለጠች። ኬሚስትሪ ነው።

«‹ትናንት ስለ አሲድ ያስተማርኩሽ ስህተት ነው› ይላል» አለች ማህሌት። «‹ጥፋቱ የመምህሩ ነው። መምህሩ ከአሥር ሦስት አግኝቷል።›»

ሻምበሏ ወደ እኔ ቀና አለች፤ ወደ ደብተሩ ተመለሰች። ሌላ ገጽ። «መምህሩ ከአሥር አምስት።» ሌላ ገጽ። «መምህሩ ከአሥር ሁለት፤ ተማሪዋ ቀድማ አውቃዋለች።» መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ደስ ይለኝ ነበር። ስድስት ዓመት ከልጄ ጋር ብቻ የያዝኩት ገመና በመንግሥት ቢሮ ውስጥ በእንግሊዝኛ ይነበባል።

«ስንት ጊዜ ነው እንዲህ የሆነው?» አለች ሻምበሏ።

«ኬሚስትሪ ላይ ነው የበዛው» አለች ማህሌት፣ ልታድነኝ ሞክራ።

«ነገ አለቃሽ የተሳሳተ ነገር ቢያዝዝሽ ምን ታደርጊያለሽ?»

ማህሌት ደብተሩን አየት አደረገች። «መጽሐፉን ይዤ፣ በአክብሮት እነግረዋለሁ። መምህሬ ስነግረው አይቆጣም ነበር። ሌላውም ሰው የማይቆጣ ይመስለኝ ነበር፤ አሁን ግን ሊቆጣ እንደሚችል አውቃለሁ። ቢሆንም እነግረዋለሁ።»

ሻምበሏ ደብተሩን ዘጋች። ስንወጣ ጋሪውን በሩ ድረስ የገፋችው እሷ ናት።

በጥር ማህሌት የጎልማሶች ትምህርት ቤት ገባች። ሒሳብና ኬሚስትሪ፣ ከሃያ ሰባት ሰው ጋር። መጀመሪያው ቀን መምህሩ ሲገባ ብቻዋን ብድግ ብላ ቆማ ክፍሉን አሳቀችው። ሁለተኛው ቀን ግን ሁለት ሴትዮዎች አብረዋት ተነሡ አሉ። በሰኔ ውጤቷ መጣ፤ ሒሳብ 94፣ ኬሚስትሪ 91።

ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። እኔ ግን ከረባቴን አስሬ የሒሳብ መምህሩ ዘንድ ሄድኩ።

«ይህን ማርክ የሰጡት እርስዎ ነዎት?»

«ምነው፣ አነሰ?» አለ፤ ሽበታም፣ የደከመው ሰው ነው።

«በዛ! እኔ ይህችን ልጅ ስድስት ዓመት አውቃታለሁ። 74 ነች።»

ሰውዬው መነጽሩን አወለቀ። ሃያ ዓመት ሲያስተምር ማርክ ይቀነስልኝ ብሎ የመጣ አባት አላየም። ሳይከራከረኝ የፈተና ወረቀቷን አወጣና አጠገቤ ቁጭ ብሎ አንድ በአንድ አሳየኝ። ስህተት ፈለግሁ። እግዜር ያሳያችሁ፣ የልጄን ስህተት እንደ መርፌ ፈለግሁ። ያገኘኋትም እሱ ቀድሞ የቀነሰባትን ነው። አካሄዷም የፍየል አልነበረም።

ወደ ቤት ስመለስ አውቶቡሱ ውስጥ አንድ ነገር ከነከነኝ። ስድስት ዓመት ሙሉ ዘጠና አራት የሆነች ልጅን ሰባ አራት ነሽ ስላት ኖሬአለሁ። ቤት ስገባ ማህሌት ጠረጴዛው ላይ ቁጭ ብላ ነበር።

«ልጄ፣ ይቅርታ አድርጊልኝ» አልኳት። «በማርክ በድዬሻለሁ።»

«አባዬ፣ እኔ እኮ ሰባ አራት ስትሰጠኝ ‹ገና ሃያ ስድስት የምማረው አለኝ› ነበር የምለው» አለች። «ስፖርቱ ላይ ግን በድለኸኛል።»

ሌላውን ሁሉ አለፈች። ሁሉም አመልካች የሚቀመጠውን ፈተና ተቀመጠች፤ ሮጠች፤ ፑሽ አፑንም እኔ ሳላሳያት ሠራች። የቀረው መልሱ ነበር፤ እሱም አንድ ማክሰኞ መጣ። ፖስታውን ያገኘችው ጽጌ ናት። እነዚያን ወራት ሁሉ ስለዚህ ጉዳይ አንድ ቃል አልተናገረችም፤ የማህሌትን የሩጫ ልብስ ታጥባለች፣ ታጥፋለች። ፖስታውን ሳትከፍተው ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠችና «መጥቷል» አለች።

ማህሌት ከፍታ አነበበች። ተቀብለዋታል። እኔ ልጮህ አፌን ስከፍት ጽጌ በእጇ አስቆመችኝ።

«አንድ ነገር ልጠይቅሽ» አለቻት። «ከገባሽ በኋላ አልፈልግም ብትይ መውጣት ትችያለሽ?»

«የመጀመሪያውን ዓመት፣ በፈለግሁት ቀን፣ እማዬ። ከዚያ በኋላ የምቆየው ራሴ ፈርሜ ነው።»

«ማንም በግድ አያስቀምጥሽም?»

«ማንም።»

ጽጌ ደብዳቤውን ተቀብላ፣ የማታነበውን እንግሊዝኛ ከላይ እስከ ታች አየችው። «ታምራትን እንዲህ ብሎ የጠየቀው ሰው አልነበረም» አለች። ደብዳቤውን አጥፋ ለልጅቷ እየመለሰችላትም፣ «እንግዲያው ሂጂ» አለች።

ነሐሴ ላይ ሸኘናት። አዲስ ገቢዎቹን የሚወስደው አውቶቡስ የሚነሣው መሀል ከተማ ካለ የጦር አዳራሽ ግቢ ነው። ወደ ሃያ የሚሆኑ ልጆች ሻንጣቸውን እግራቸው ሥር አድርገው ተሰልፈዋል። ድምፁ ነጎድጓድ የመሰለ፣ አንገቱ የወይፈን የሚያህል አንድ ሃምሳ አለቃ ሰዓቱን አየና «ቤተሰብ! ለመሰናበቻ ሦስት ደቂቃ!» ብሎ ጮኸ።

ሦስት ደቂቃ! የእኛ ሰው በሦስት ደቂቃ ውስጥ ገና ጉንጭ ስሞ አልጨረሰም።

ሌሎቹ ወላጆች አቀፍ አቀፍ አድርገው ወደ ዳር ወጡ። ጽጌ ማህሌትን ይዛ ግራ ቀኝ፣ ግራ ቀኝ ሳመቻት፤ ግንባሯን ሳመች፤ መረቀቻት። ጨረሰች ስል ቀና አለች። ከማህሌት አጠገብ አንድ ቀይ ፀጉር ያለው ረጅም ልጅ ቆሟል፤ የሚሸኘው ሰው አልመጣም መሰለኝ ዓይኑ ወደ መንገዱ ነው። ጽጌ አየችው። አንዱን ስሞ አንዱን ማለፍ ደግሞ በእኛ ቤት ነውር ነው። አንገቱን ጎትታ ሳመችው። ከዚያ ቀጥሎ ያለችውን። ከዚያ ቀጥሎ ያለውን። ሰልፉን እንደ ጄኔራል ገባችበት።

«ጽጌ! ኧረ ጽጌ!» አልኩ በሹክሹክታ።

አልሰማችኝም። ልጆቹ መጀመሪያ ደነገጡ፤ በኋላ ግን ተራቸው ሲደርስ ራሳቸው ጎንበስ ማለት ጀመሩ። ሃያውንም ሳመች። «እናታችሁ ትደሰትባችሁ፤ በሰላም ግቡ» እያለች፣ ማንም በማይሰማው አማርኛ። የሰልፉ መጨረሻ ላይ ሃምሳ አለቃው ሰዓቱን ይዞ ቆሟል። ፊት ለፊቱ ደረሰችና ቀና ብላ አየችው። እኔ ዓይኔን ጨፈንኩ።

ስከፍተው ሃምሳ አለቃው ቆቡን አውልቆ ጎንበስ ብሏል።

ሦስቱ ደቂቃ ካለቀ ቆይቷል።